ለ4ኬ ቪዲዮ ቅንብር ግራፊክስ ካርድ ልቀይር ወይስ ፕሮሰሰር?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በ4ኬ የተቀረጹ ቃለ መጠይቆችን ሳቀናብር ምስሉ ታይምላይን (ቪዲዮው የሚቆረጥበትና የሚቀጠልበት መስመር) ላይ ይቆራረጥብኛል። ኮምፒውተሬ ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራም እና ባለ 8 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ አለው፤ የካሜራዬ ፋይሎች ደግሞ ኤች 265 (ቪዲዮን አጭቆ የማስቀመጫ ዘዴ)፣ 10 ቢት፣ 4፡2፡2 (የቀለም መረጃው ምን ያህል እንደተያዘ የሚያሳይ) ናቸው። ወዳጆቼ ከፍ ያለ ግራፊክስ ካርድ እንድገዛ ይመክሩኛል። ይሁን እንጂ ቪዲዮውን ሳጫውት ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ሲያዝ ካርዱ ሥራ ፈትቶ አያለሁ። ገንዘቤን በየትኛው ላይ ባውለው ይሻላል?

መልስ 1
ያስተዋሉት ነገር ወደ መልሱ ይመራል። ኤች 265 እያንዳንዱን ፍሬም (የቪዲዮውን ነጠላ ምስል) ሙሉውን አያስቀምጥም፤ አብዛኞቹ ከአጠገባቸው ካሉት ፍሬሞች የሚለዩበትን ብቻ ስለሚይዝ፣ አንዱን ለማሳየት ሌሎቹም አብረው መፈታት አለባቸው። ታይምላዩን ወደ ኋላ ሲጎትቱ መቆራረጡ የሚብሰው ለዚህ ነው። ይህን የመፍታት ሥራ ብቻ የሚሠራ ክፍል በግራፊክስ ካርዶች ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ሁሉም 4፡2፡2ን አያውቁም። የኤንቪዲያ 40 ተከታታይ ካርዶች አይፈቱትም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡት 50 ተከታታይ ካርዶች ይፈቱታል። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮችም አብሯቸው በተሠራው ግራፊክስ ይፈቱታል። ስለዚህ ካርዱ ትልቅ መሆኑ ብቻ ምንም አይለውጥልዎትም።

መልስ 2
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ከመግዛትዎ በፊት ፕሮክሲ ይሞክሩ። ፕሮግራሙ ከዋናው ፋይል አነስ ያለና በቀላሉ የሚፈታ ቅጂ ያዘጋጅልዎታል፤ በእሱ ቆርጠው ሲጨርሱ የመጨረሻው ቪዲዮ ከዋናው ፋይል ይወጣል። ቀለም ሲያስተካክሉ ግን ወደ ዋናው ይመለሱ።
ዲስክዎን አይጠራጠሩ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ተራ ሃርድ ዲስክም አይቸገርበትም። ሊቸገር የሚችለው የአራት ካሜራ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ሲያነብ ነው፤ ያን ጊዜ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) ይሻላል። ራሙን ግን ወደ 32 ያሳድጉት፤ 16 ጊጋባይት ለ4ኬ ይጠብባል።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፕሮክሲው መቆራረጡን አስቀርቶልኛል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ቅጂው እስኪዘጋጅ መጠበቅ አለብኝ። ፕሮሰሰሬ የኢንቴል 12ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ሲሆን የስሙ መጨረሻ ኤፍ ነው። እሱስ ይፈታው ይሆን?

መልስ 1
ኤፍ ማለት አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የለውም ማለት ስለሆነ አይፈታውም። ማዘርቦርድዎ ግን 13ኛውንና 14ኛውን ትውልድም የሚቀበል ሶኬት አለው፤ ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርዱን ፕሮግራም) አስቀድመው ያድሱና ኤፍ የሌለበት ኮር አይ5 13500 ይፈልጉ። 14 ኮር ያለው ከመሆኑም በላይ በውስጡ ቪዲዮ የሚፈቱ ሁለት ክፍሎች አሉት። ከገጠሙት በኋላ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ከካርዱ ጎን እንዲሠራ በባዮስ ውስጥ ማብራት አይርሱ፤ ካልበራ ፕሮግራሙ አያየውም።