በፔንዱለም የላብ ፈተና «ጂ» 10.8 እና 9.1 እየወጣ ነው፤ ስህተቱ የት ነው?

ጠያቂ (የፊዚክስ መምህር፣ አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። የላብ ፈተናችን በፔንዱለም የስበት ሽምጠጣን (ጂ) ማግኘት ነው። ተማሪዎች የክሩን ርዝመት ከ20 እስከ 100 ሳ.ሜ. በየ20 እየጨመሩ የ20 ምልልስ (ሄዶ መመለስ) ጊዜ ይይዛሉ። በልምምዱ ላይ አንደኛው ቡድን በ40 ሳ.ሜ. 24.2 ሰከንድ፣ በ100 ሳ.ሜ. 38.2 ሰከንድ አገኘ፤ ጂ በሁለቱም 10.8 (ሜትር በሰከንድ ካሬ) ገደማ ነው። ሁለተኛው በ20 ሳ.ሜ. 18.6፣ በ100 ሳ.ሜ. 40.5 ሰከንድ አገኘ፤ ጂ ከ9.1 ተነሥቶ 9.6 ይደርሳል። የተንጠለጠለው ትልቅ ዳዶ ነው፤ ክሩ የስታንዱ ዘንግ ላይ ታስሯል። ስታንዱ 5 ብቻ ስለሆነ ፈተናው በፈረቃ ነው፤ ጊዜ ለመቆጠብ ወደ 10 ምልልስ ልቀንሰው?

መልስ 1 (የላብ ቴክኒሻን)
አንደኛው ቡድን የቆጠረው 20 ሳይሆን 19 ነው። ሰዓቱን ሲያስነሡ «አንድ» ብለው ጀምረዋል። 38.2ን ለ19 ያካፍሉት፦ 2.01 ሰከንድ ይመጣል፤ ጂም (39.48 በርዝመቱ በሜትር ተባዝቶ ለ2.01 ካሬ ሲካፈል) 9.77 ይሆናል። በሁሉም ርዝመት ላይ ጂ በእኩል መጠን ከፍ ካለ መጀመሪያ ቆጠራውን ይጠርጥሩ። «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ዜሮ» ይበሉና «ዜሮ» ላይ ይጫኑ።

ሰዓቱ የሚነሣው ዳዶው በተለቀቀበት ጫፍ ላይ መሆን የለበትም። ጫፍ ላይ ዳዶው ለቅጽበት ስለሚቆም ተማሪው የቱ ጋ እንደሚጫን ይቸገራል። መሀል ላይ ግን ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፤ የሚያልፍበት ቅጽበት በግልጽ ይታያል። ከኋላው ቀጥ ያለ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ያቁሙ፤ ክሩ መስመሩን በአንድ አቅጣጫ ባለፈ ቁጥር አንድ ይቆጠራል። የሚለቀውም ሰዓቱን የሚይዘውም አንድ ሰው ቢሆን ይሻላል።

መልስ 2 (መምህር)
የሁለተኛው ቡድን ችግር ርዝመቱ ነው። የለኩት እስከ ቋጠሮው ይመስለኛል፤ መለካት ያለበት ግን እስከ ዳዶው መሀል ነው። አንድ ሳ.ሜ. ተኩል ቢጎድል በ100 ሳ.ሜ. ላይ ብዙም አይታይም፤ በ20 ሳ.ሜ. ላይ ግን ጂን በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ጂ ከአጭር ወደ ረጅም ክር እየጨመረ የሄደው ለዚህ ነው።

ግራፉ ይህንን ያወጣዋል። ወደ ላይ የፒሪየዱን (የአንድ ምልልስ ጊዜ) ካሬ፣ ወደ ጎን ርዝመቱን በሜትር ያስቀምጡ። በሰጡን ቁጥሮች ስሎፑ (የመስመሩ ተዳፋትነት) 4.045 ነው፤ 39.48 (አራት ጊዜ ፓይ ካሬ) ሲካፈልለት 9.76 ይሆናል። መስመሩ ግን ዜሮን አያልፍም፤ የርዝመቱን መስመር ከዜሮ በስተግራ 1.4 ሳ.ሜ. ላይ ይቆርጣል። የጎደለው ርዝመት ያ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች መስመሩን በግድ በዜሮ እንዳያሳልፉ አደራ።

መልስ 3 (ሌላ ቴክኒሻን)
በመልስ 2 እስማማለሁ፤ ግን አንድ ሌላ ምክንያትም ተመሳሳይ መልክ አለው። ተማሪዎች ለሁሉም ርዝመት ዳዶውን 10 ሳ.ሜ. ወደ ጎን ይስቡታል። ለ100 ሳ.ሜ. ክር ይህ 6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለ20 ሳ.ሜ. ግን 30 ዲግሪ ይሆናል፣ ፒሪየዱም በ1.7 በመቶ ይረዝማል፤ ጂ በ3.4 በመቶ ያንሳል። ከ10 ዲግሪ አይለፉ፦ ለ100 ሳ.ሜ. ክር ቢበዛ 17 ሳ.ሜ.፣ ለ20 ሳ.ሜ. 3 ሳ.ሜ. ተኩል። ከቋጠሮው እስከ ዳዶው መሀል ይለኩት፤ 1.4 አካባቢ ካልሆነ ማዕዘኑን ይመርምሩ።

ክሩን ዘንግ ላይ ማሰርም ይቅር። ሲወዛወዝ ዘንጉ ላይ እየተጠመጠመና እየተፈታ ርዝመቱ ይለዋወጣል። ቡሽ ለሁለት ይሰንጥቁ፣ ክሩን መሀሉ ያስገቡና በክላምፕ ያጥብቁት፤ ርዝመቱ ከቡሹ የታችኛው ጠርዝ ይጀምራል። የሚለጠጥ ናይለን አይጠቀሙ። ዳዶው ሳይገፋ ይለቀቅ፤ ከተገፋ ክብ እየሠራ ይዞራል።

ጠያቂ
ለካሁት፤ ከቋጠሮው እስከ መሀሉ 1.5 ሳ.ሜ. ነው። እግዜር ይስጥልኝ። የምልልሱስ ነገር?

መልስ 4 (ፈተና የሚያወጣ መምህር)
20ን አይንኩት። በእጅ ሲያዝ የ0.2 ሰከንድ ስህተት አይቀርም፤ በ20 ሰከንድ ላይ 1 በመቶ ነው፣ በ10 ሰከንድ ላይ እጥፍ ይሆናል፣ ጂ ላይ ደግሞ እንደገና ይታጠፋል። አምስቱም ርዝመቶች ሁለት ሁለቴ ቢለኩ የሰዓት ማስያዙ ሥራ ጠቅላላ 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ጊዜ የሚበላው ክር ማስተካከሉ ስለሆነ አምስቱን ርዝመቶች ቀድመው ክሩ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ።

ሲያርሙ በመጻሕፍት የተለመደውን 9.81 አይጠብቁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነና ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ጂ 9.77 ገደማ ነው፤ 9.7 ያመጣ ልጅ ጥሩ ለክቷል። የእጅ ስህተቱ 0.2 ሰከንድ ስለሆነ፣ ሰዓቱ 18.63 ቢያሳይም 18.6 ብሎ የጻፈውን ያበረታቱት። ስሎፑ ከሠንጠረዡ ቁጥሮች ሳይሆን መስመሩ ላይ ከተራራቁ ሁለት ነጥቦች መወሰድ አለበት፤ እኔ ለዚህ ብቻ 2 ነጥብ እሰጣለሁ።