የ4 ዓመት ልጅ ሦስት ነገር አንዴ ሲታዘዝ ለምን ሁለቱን ይረሳል?

ጥያቄ፦ ልጁ 4 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። «ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ መጽሐፍህን ይዘህ ና» ሲባል ጫማውን ያወልቅና እዚያው ጨዋታ ይጀምራል። አምና ያየውን ግን አንድ በአንድ ይተርካል። ችግር ይሆን? በምን ልርዳው?

መልስ 1፦ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ያለፈውን መተረክ አንድ ችሎታ ነው፤ የተነገሩትን በአእምሮ ይዞ እየሠሩ መቆየት ሌላ ችሎታ ነው። ሁለተኛው ከግንባር ጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል ላይ ይደገፋል፤ ያ ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። እኛ ትልልቆቹ «ጫማ፣ እጅ፣ መጽሐፍ» እያልን በውስጣችን እንደጋግማለን። ትንሽ ልጅ ይህን በራሱ አያደርገውም፤ አብዛኞቹ የሚጀምሩት 7 ዓመት ገደማ ነው።

ስለዚህ አጠገቡ ሄደው ዝቅ ይበሉ፣ ዓይን ለዓይን ይተያዩ፣ ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩት። «መጀመሪያ ምን? ቀጥሎስ?» ብለው በራሱ አፍ ያስደግሙት። ሦስተኛውን ሁለቱን ሲጨርስ ይንገሩት። ከሌላ ክፍል ጮኾ መድገም አይሠራም፤ ልቡ መጫወቻው ላይ ስለሆነ ትእዛዙ መጀመሪያውኑ አልገባም፣ ያልገባ ነገር ደግሞ አይረሳም።

መልስ 2፦ የተነገረን ሕግ በአእምሮ ይዞ መሥራትን የሚጠይቅ አንድ ጨዋታ ልጨምር። በአንዱ ሳጥን ላይ ቀይ ቤት፣ በሌላው ላይ ሰማያዊ ኳስ ይሣሉ። ከዚያ ቀይ ኳስ ያለባቸው 6 ካርዶችና ሰማያዊ ቤት ያለባቸው 6 ካርዶች ያዘጋጁ። ግማሹን ካርድ በቀለም እየለየ ሳጥኖቹ ውስጥ እንዲከት ያድርጉ (ቀይ ኳስ ቀይ ቤት ወዳለበት ሳጥን)፤ ቀጥሎ «አሁን በቅርጽ ነው» ይበሉት (ቀይ ኳስ ሰማያዊ ኳስ ወዳለበት ሳጥን)። ቀይ ቤት ወይም ሰማያዊ ኳስ ከካርዶቹ ጋር እንዳይቀላቀል! በሁለቱም ሕግ እዚያው ሳጥን ስለሚገባ ጨዋታው ትርጉም ያጣል። የ3 ዓመት ልጆች አዲሱን ሕግ በአፋቸው በትክክል እየተናገሩ እጃቸው ግን ወደ ቀለሙ ይሄዳል። 5 ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ ይቀይራሉ። ከተሳሳተ አይቆጡት፤ ካርዱን ከማስቀመጡ በፊት «ይሄ ምንድን ነው? ኳስ ነው ቤት?» ብለው ይጠይቁት።

ጠያቂ፦ ፊደልና ቁጥር በቃል ማስጠናትስ የማስታወስ ችሎታውን ያጠነክራል?

መልስ 3፦ ፊደሉን ያውቃል እንጂ ትእዛዝ የመያዝ ችሎታው በዚያ አያድግም። ማታ ስለ ዋለበት ቀን ማውራት ለትዝታው ይበልጥ ይጠቅማል፦ «ወደድከው?» ሳይሆን «ማን ነበር? ከዚያስ ምን ሆነ?» እያሉ፣ እሱ ባለው ላይ እየጨመሩ። እንቅልፉንም ይዩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ለ3 እና 4 ዓመት ልጆች የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይላል። ዓይን ለዓይን እየተያዩ የተነገረውን አንድ ትእዛዝ እንኳ የማይፈጽም ከሆነ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ግን ሳይቆዩ ሐኪም ያሳዩት።