ምባሌ ለግርዛት የተጠራሽው እህቴ

እህቴ፣ የሥራ ባልደረባሽ ለወንድሙ ግርዛት ምሥራቅ ኡጋንዳ ወዳለችው ምባሌ ከተማ ጠርቶሽ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለሽ ነበር። ሂጂ። እኔ ካምፓላ ከመጣሁ ወዲህ አንዴ ሄጃለሁ፤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ምኑንም አያስታውስ። በኤልጎን ተራራ ሥር የሚኖሩት የባጊሱ ሕዝቦች ግን ልጁ እስኪጎለምስ ይጠብቃሉ። 17፣ 18፣ አንዳንዴም ከ20 በላይ ይሆነዋል። የግርዛቱን ሥርዓት «ኢምባሉ» ይሉታል። ዓመቱ ለሁለት የሚካፈል መሆን አለበት፤ እንደ 2022 እና 2024 እ.ኤ.አ.። በነሐሴ ምባሌ አጠገብ ሙቶቶ በሚባል ቦታ ይከፈታል።

ልጁ ራሱ ነው «ዘንድሮ እገረዛለሁ» ብሎ የሚነሳው። እኔን የነካኝ ይሄ ነው። ከዚያ ጭኑ ላይ ቃጭል አስሮ፣ በካዶዲ ከበሮ እየጨፈረ ዘመድ አዝማዱን ያዳርሳል። ቀኑ ሲደርስ ሰው ፊት ይቆማል። ማደንዘዣ የለም። ዓይኑን እንኳ እንዳያርገበግብ ይጠበቃል። እስከዚያች ደቂቃ «ሙሲንዴ» ነው፣ ልጅ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ሙሳኒ»፣ ወንድ።

ከየት መጣ ስትያቸው የፍቅር ታሪክ ነው የሚነግሩሽ። የዘር አባታቸው ማሳባ ከጎረቤት ሕዝብ ናባርዋ የምትባል ልጅ ወደደ። እሷ ደግሞ «እንደ ወንድሞቼ ካልተገረዝክ አላገባህም» አለችው። ተገረዘ። ልማዱን ከጎረቤት እንዳገኙት አይደብቁም፣ ደስ ይለኛል።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ከመገረዝ የሸሸን ሰው፣ ባለትዳርም ቢሆን፣ አሳድደው በግድ የሚገርዙበት ጊዜ አለ። በፈቃድ የሚያምረው ነገር በግድ ሲሆን ግፍ ነው። ቢላውም ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ መሆን አለበት፤ በአንድ ቢላ ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል።

ስትሄጂ ለቤተሰቡ ትንሽ ገንዘብ ያዢ። ፎቶ ሳትጠይቂ አታንሺ።

መልስ፦ ከናይሮቢ

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። እዚህ ኬንያ ውስጥ ቡንጎማ ያሉት ቡኩሱዎችም የባጊሱዎች ዘመዶች ናቸው። የእነሱ ታሪክ ግን የእባብ ነው። ሰው የሚፈጀውን ትልቅ እባብ ማንጎ የሚባል ጀግና ገደለውና ጎረቤቶቹ ገረዙት ይላሉ። ጓደኛዬ ሲገረዝ የእናቱ ወንድም ቤት ሄደ። አጎቱ በሬ አረደለትና የፍርምባውን ሥጋ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። ያን ተሸክሞ እየተዘፈነለት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ሊነጋጋ ሲል ወንዝ ወስደው ጭቃ ቀቡት።