የአየር ፍሬን ጥገና ደህንነት፦ ለአባል ጋራዦች የጋራ መመሪያ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው አንቀጽ 1 አሁን እንዲህ ይላል፦ «የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ከመፈታቱ በፊት አየሩ ይራገፍ፤ ማኖሜትሩ (የአየር ግፊት መለኪያው) ዜሮ መሆኑ ይረጋገጥ።» አስተያየታችሁን ጻፉበት።

የፍሬን መካኒክ፦
እንደዚህ ከወጣ ሰው ያስጎዳል። ባለ ሞላው የኋላ ቻምበር፣ ማለትም ሞላ የያዘው የፍሬን ጣሳ፣ ፍሬን የሚይዘው አየር ሲያጣ ነው። ማኖሜትሩ ዜሮ ቢያሳይም ውስጡ ያለው ሞላ እንደታመቀ ነው፤ ከግማሽ ቶን በላይ ይገፋል። የክዳኑን ቀለበት የፈታ ሰው ክዳኑ እንደ ጥይት ይወጣበታል። ቀለበቱ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይፈታ፣ ቻምበሩ ሙሉው ይቀየር።

ቅደም ተከተሉም ተገልብጧል። መጀመሪያ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ (እንዳይንከባለሉ የሚያግድ ሽብልቅ) ይደረግባቸው፤ ሞላው በብሎን ከታሰረ በኋላ የእጅ ፍሬን የለምና። ከዚያ ሞተር ተነስቶ የአየሩ ግፊት 8 ባር ገደማ ይድረስ፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። አየሩ ራሱ ሞላውን ስለሚጨምቀው መልቀቂያ ብሎኑ (ሞላውን አምቆ የሚያስረው ረጅም ብሎን) ከቻምበሩ ኋላ ገብቶ ሩብ ዙር ሲዞር ይያዛል፣ ዳዶውም (የብሎኑ ማጥበቂያ) ያለ ጉልበት ይጠብቃል። አየር መሙላት ካልተቻለ በእጅ ቁልፍ ቀስ ተብሎ ይጠበቅ፤ በአየር ሽጉጥ (በአየር በሚሠራ መፍቻ) ከሆነ የብሎኑ ጥርስ ይበላል። አየሩ የሚራገፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የጋራዥ ባለቤት፦
ትክክል ነው፤ ግን ብሎኑ ከቻምበሩ ጎን ካለው ኪስ የጠፋበት መኪና ብዙ ነው። እያንዳንዱ ጋራዥ ቢያንስ ሁለት ብሎን ከነዳዶው መሣሪያ ሰሌዳው ላይ ይኑረው ይባል። የሞተር ቁልፉም መኪናው ሥር በገባው መካኒክ ኪስ ይሁን። ረዳቱ «አየር ልሙላ» ብሎ ሞተር ሲያስነሳ ሥር ያለው እጅ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

አሰልጣኝ፦
«አየሩ ይራገፍ» የሚለው አልበቃኝም። በሰርባቶዮዎቹ (በአየር ማጠራቀሚያ ጋኖቹ) መካከል አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ባልቦላ አለ፤ አንዱ ባዶ ሲሆን ሌላው ሙሉ ሊሆን ይችላል። የኋላ መስመር፣ የፊት መስመርና የእጅ ፍሬን ሰርባቶዮ ማራገፊያ እያንዳንዱ ለየብቻው ተከፍቶ ድምፁ እስኪጠፋ ይጠበቅ፣ ሥራው እስኪያልቅም ክፍት ይቆይ። ባለ አየር ሞላ መኪና ከሆነ አየሩ ሲወጣ ሻንሲው ስለሚወርድ ቀድሞ ካቫሌቶ (ቋሚ የብረት ድጋፍ) ይግባበት፤ ክሪክ (ማንሻው) ብቻውን አይታመንም።

የፍሬን ሸራ አቧራም በኮምፕሬሰር አይነፋ። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ጸሐፊ፦
አንቀጽ 1ን በዚህ ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ፦ ታኮ፣ አየር መሙላት፣ ብሎን ማሰር፣ ካቫሌቶ፣ እያንዳንዱን ሰርባቶዮ ማራገፍ። የብሎኑና የቁልፉ ጉዳይ አንቀጽ 2 ይሆናል። የቀረ አለ?

የፍሬን መካኒክ፦
የመዝጊያው ክፍል ቀርቷል። ሥራው ሲያልቅ ማራገፊያዎቹ ይዘጉ፤ መጀመሪያ አየሩ እንደገና 8 ባር ይግባ፣ የእጅ ፍሬኑ እንደተለቀቀ ሆኖ ዳዶው ይላላ፣ ብሎኑ ወደ ኪሱ ይመለስ። የእጅ ፍሬኑ ተስቦ መያዙ ሳይታይ ታኮው አይነሳ።