የጉና ተራራ መቶ እግሮች፦ አንዱን ስቆጥር 16፣ ሌላውን 12፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከጉና ተራራ፣ አስታና ጅብራ ከሚበቅልበት ከፍታ፣ ድንጋይ ሥር የተለቀሙ 9 መቶ እግሮች በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ አሉኝ። የሰበሰባቸው ከእኔ በፊት የነበረ ተማሪ ነው። ወረቀቱ ላይ ከቦታውና ከቀኑ በቀር «ሊቶቢየስ» (የአንድ የመቶ እግር ወገን ስም) ብሎ ጽፏል፣ ሌላ ነገር የለም። አማካሪዬ «አካላቸውን እንደገና እዪና ስማቸውን አረጋግጪ» አሉኝ። ትልልቆቹን ስቆጥር 16 ጥንድ እግር ይመጣልኛል። ሁለቱ ትናንሾች ያላቸው 12 ነው። የመቶ እግር ጥንዶች ቁጥር ግን ጎዶሎ ነው ተብለን ነው የተማርነው። የኋላ እግሮቻቸው የረገፉም አሉ። አዲስ ዝርያ ይሆኑ እንዴ? ወይስ አቆጣጠሬ ነው ችግሩ?

መምህር ከደሴ
አይዞሽ እህቴ። 16 የመጣብሽ የመርዝ ጥፍሮቹን አብረሽ ስለቆጠርሽ ይመስለኛል። ከጭንቅላቱ ሥር ወደ ፊት የታጠፉት ሁለት ጥፍሮች ጥርስ ይመስላሉ እንጂ ጥርስ አይደሉም። የመጀመሪያው የሰውነት ክፍል እግሮች ናቸው፤ መርዝ መውጊያ ሆነው ተለወጡ። በእግር ቆጠራ ግን አይገቡም። እንስሳውን በጀርባው አስተኝተሽ ከሆዱ በኩል ቁጠሪ። 15 ይሆንልሻል።

አፈርና ነፍሳት
መምህር ያሉት ልክ ነው። ስለ 12ቱ እኔ ልጨምር። የሊቶቢየስ ዘመዶች ከእንቁላል ሲወጡ 15 ጥንድ እግር ይዘው አይወጡም። 7 ጥንድ ገደማ ይዘው ይወጡና ቆዳቸውን በቀየሩ ቁጥር ይጨምራሉ፦ 8፣ 10፣ 12፣ ከዚያ 15። ስለዚህ ሁለቱ ትናንሾች ልጆች ናቸው። ጎዶሎ የሚለው ሕግ የሚሠራው ላደጉት ነው። በልጅ ናሙና ዝርያ ለመወሰን አትሞክሪ፣ ለብቻ አስቀምጫቸው።

እግር ለረገፈባቸው ደግሞ የጀርባውን ሰሌዳዎች እዪ። ረጅምና አጭር እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። 7ኛውና 8ኛው ላይ ሲደርስ ግን ተራው ይሰበርና ሁለቱም ረጅም ይሆናሉ። ይህን ቦታ ካገኘሽ እግር ባይኖርም የት እንዳለሽ ታውቂያለሽ። እኔ መጀመሪያ ሳየው በጣም ነው የገረመኝ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደገና ቆጠርኩ፣ 15 ናቸው! ግን ሌላ ነገር አለ። ዓይናቸው በየጎኑ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ወንድ የሆነ ናሙናም አላገኘሁም። ያደጉት 7ቱም ሴት ይመስሉኛል።

ከስዊድን
እህቴ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሽ። ሊቶቢየስ አብዛኛውን ጊዜ በየጎኑ የተሰበሰቡ ብዙ ትንንሽ ዓይኖች አሉት። አንድ ብቻ ከሆነ ሄኒኮፒዴ የሚባለውን የመቶ እግር ቤተሰብ ጠርጥሪ። በዓይን ብቻ ግን አትፍረጂ፤ አልኮል ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ ይደበዝዛል። እግሮቹን እዪ። በሊቶቢየስ እግር መገጣጠሚያዎች ጫፍ ላይ ወፋፍራም እሾሆች ይደረደራሉ። ሄኒኮፒዴ እነዚህ የሉትም፤ በምትካቸው የቅልጥሙ ጫፍ ሾል ብሎ ይወጣል። ከዚያ መርገጫውን (የእግሩን የመጨረሻ ክፍል) ተመልከቺ። ከ1ኛ እስከ 12ኛው እግር አንድ ወጥ ከሆነ፣ ከ13ኛ እስከ 15ኛው ደግሞ ለሁለት ከተከፈለ፣ ላሚክቲስ የሚባለው የሄኒኮፒዴ ጂነስ (ወገን) ሊሆን ይችላል። ወንድ ማጣትሽም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ላሚክቲስ ኢማርጊናተስ የሚባለው ዝርያ በአብዛኛው ቦታ ያለ ወንድ ይራባል።

ሴትነታቸውን ለማረጋገጥ ከመጨረሻው እግር ኋላ ያለውን የመራቢያ መቆንጠጫ ፈልጊ። በሴቷ ትልቅና እሾህ ያለበት ነው፣ በወንዱ ትንሽ ነው።

አፈርና ነፍሳት
«አዲስ ዝርያ» ስላልሽው፣ ከመልክ ብቻ ተነስቶ መወሰን በሁለቱም በኩል ያሳስታል። ክራተሮስቲግመስ የሚባል መቶ እግር እ.ኤ.አ. በ1902 ከታዝማኒያ ተገልጾ ነበር። 15 ጥንድ እግር እያለው ጀርባው ላይ 21 ሰሌዳ ያለው ስለሚመስል ሰውን ሲያከራክር ኖሯል። የኒውዚላንዱ ዘመዱም ለብዙ ዘመን ያው ዝርያ ነው ሲባል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤጅኮምብና ጂሪቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ዲኤንኤውንና አካሉን አብረው ፈትሸው ራሱን የቻለ ዝርያ ነው አሉ። አንቺም ከተቻለሽ ሁለቱንም አድርጊ።

ከስዊድን
እስማማለሁ። ግን ሳትቆርጪ በፊት ፎቶ አንሺ፣ ከፊትም ከሆድም። ለዲኤንኤ ከመሃል አንድ እግር ይበቃል። ናሙናው ፎርማሊን (አካል እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል) ነክቶት እንደሆነ ጠይቂ፤ ነክቶት ከሆነ ዲኤንኤው ብዙም አይሆንልሽም። አሮጌውን ወረቀት ደግሞ በፍጹም እንዳትጥይው! ስሙ ስህተት ቢሆንም ቦታውና ቀኑ ያለው እሱ ላይ ነው። አዲሱን ስም በሌላ ወረቀት ጽፈሽ አብረሽ ክተቺ።

ጠያቂዋ
ዛሬ ከሰዓት ላብራቶሪ ነበርኩ። በ5ቱ ላይ እሾህ የለም፣ የቅልጥሙ ጫፍ ሾሏል። የ12ኛው እግር መርገጫ ወጥ ነው፤ 13ኛው ተከፍሏል። በቀሩት 2 ላይ እግሮቹ ስለረገፉ አልታየኝም። ስለዚህ ለጊዜው 5ቱን «ላሚክቲስ»፣ 2ቱን «ሄኒኮፒዴ ሳይሆን አይቀርም»፣ ልጆቹን ደግሞ ያለ ስም ጽፌ አስቀመጥኳቸው። ፎርማሊኑን ለመጠየቅ የሰበሰበውን ልጅ ስልክ እያፈላለግሁ ነው። ሰኞ እመለሳለሁ።