የምጣድ አክንባሎ እጀታ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ ዱቄት ስጨምርበት ደግሞ ይሰበራል

ወርክሾፕ አራት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። ለኤሌክትሪክ ምጣድ አክንባሎ እጀታ ከኢፖክሲ ሙጫና ከተቆራረጠ ፋይበር ግላስ እየሠራሁ ነው። ቀዝቃዛውን በመዶሻ ብመታው አይሰበርም። ቤት ወስደን ስንጋግርበት ግን አሥረኛው እንጀራ ላይ ሳንደርስ ጎበጠ፣ ባለቤቴ ክዳኑን ስታነሣ ታጠፈባትና እንፋሎቱ ሊያቃጥላት ነበር፣ በጣም ደነገጥኩ። ታልክ የሚባለውን የድንጋይ ዱቄት ጨመርኩበት። ግትር ሆነ፣ ግን ከእጄ ሲወድቅ ለሁለት ተሰበረ። ሲሞቅ ደግሞ ያው ነው። ምን ዱቄት ልጨምር?

አምስት ኪሎ፦
ወንድሜ፣ ችግሩ ዱቄቱ ሳይሆን ሙጫው ነው። በክፍል ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መላላት ይጀምራል። ይህ ነጥብ ቲጂ ይባላል። ታልክ ግትርነት ይሰጥሃል፣ ቲጂውን ግን እምብዛም አያነሣውም፣ ሲበዛ ደግሞ ምት መቋቋሙን ይቀንሰዋል፤ ያየኸው እሱን ነው። ቲጂውን ለማንሣት ከደረቀ በኋላ እንደገና በምድጃ አሙቀው። 80 ዲግሪ ላይ ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ሃርድነሩ (ሙጫውን የሚያደርቀው ቅመም) የሚፈቅድ ከሆነ 100። ቀስ እያልክ፣ በአንዴ ካሞቅከው ይጣመማል። ከዚያ በላይ ከፈለግክ አንሃይድራይድ የሚባለው ሃርድነር አለ፣ እሱ ግን ያለ ሙቀት አይደርቅም።

የካዛንችሷ፦
ፋይበር ሙቀት መቋቋምን ይጨምራል ይባል የለ እንዴ? ናይለን 66 ባዶውን ጭነት ሲያርፍበት 75 ዲግሪ አካባቢ ይጎብጣል፣ 30 በመቶ ፋይበር ግላስ ሲገባበት ግን 250 ገደማ ይደርሳል። ኢፖክሲ ላይ ለምን እምቢ አለ?

አምስት ኪሎ፦
ጥሩ ጠየቅሽ እህቴ። ናይለን ውስጡ ክሪስታል፣ ማለትም ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ክፍል አለው፣ ክሪስታሉ እስከ 260 ዲግሪ አካባቢ አይቀልጥም። ስለዚህ ቲጂውን ካለፈ በኋላም ፋይበሩን አጥብቆ የሚይዝለት ነገር አለ። ኢፖክሲ ክሪስታል የለውም። ሙጫው ከላላ አጭር ፋይበር ብቻውን አያድነውም።

የድሮ ሜካኒክ፦
ልጄ፣ የድሮ ድስት ጥቁር እጀታ አይተሃል? ባክላይት ነው። ቤክላንድ የሚባል ኬሚስት በፈረንጆቹ 1907 የሠራው። ብዙውን ጊዜ ውስጡ የእንጨት ዱቄት አለበት፣ ያለዚያ በቀላሉ ይሰበራል። አንዴ ከደረቀ አይቀልጥም፣ ግን ትኩስ ፕሬስ ይፈልጋል። ፕሬስ ከሌለህ ኢፖክሲህን አሻሽል። ግን መጀመሪያ እጀታው ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ለካ! ከዚያ ከቁራጩ ላይ ክብደት አንጠልጥለህ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተተው። እዚህ አዲስ አበባ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ 100 ብለህ እንዳትጽፍ። ፋይበሩን ስትሞርድም ጭምብል አድርግ፣ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ወርክሾፕ አራት ኪሎ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት፣ እጀታው ሥር 78 ዲግሪ ነው። ታልኩን ትቼ 80 ላይ 4 ሰዓት፣ 100 ላይ 2 ሰዓት አቆየሁት። የፈላ ውሃ ውስጥ ትንሽ ጎንበስ አለ እንጂ እንደ በፊቱ አልተጣጠፈም። ትናንት 20 እንጀራ ጋገርንበት፣ ቀጥ ብሎ ቆየ። የቀረኝ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፣ ዙሪያውን መሰንጠቅ ጀምሯል። ቀዳዳውን በድሪል ከመብሳት ብሎኑን ቅርጹ ውስጥ አስቀምጬ ሙጫውን ባፈስበት ይሻል ይሆን?