ካርቲማንዱዋ በእርግጥ «እንግዳዋን ሸጠች»ን?

የታሪክ ተማሪ፦
ነጋሪት ትናንት እዚሁ ባቀረቡት ጽሑፍ ላይ «የብሪጋንቴስ ንግሥት ካርቲማንዱዋ እንግዳዋን ለሮማውያን ሸጠች» ማለታቸው አሳዝኖኛል። ብሪጋንቴስ በሰሜን ብሪታኒያ ይኖር የነበረ ነገድ ነው። እንግዳው የብሪታኒያውያን የጦር መሪ ካራታኩስ፣ ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ43 ብሪታኒያን ከወረሩ ጀምሮ ሲዋጋቸው ኖሮ፣ በሮማዊው የብሪታኒያ ገዢ በኦስቶሪየስ ስካፑላ ጦር ድል ሆኖ፣ ሚስቱና ልጁ ተማርከው፣ በ51 ወደ እርሷ ሸሸ። ንግሥቲቱ ግን አስቀድማ ከሮም ጋር ተወዳጅታ የምትገዛ ነበረች። እርሱን ሸሽጋ ብትገኝ ኖሮ ያ ጦር ወደ ሰሜን እንደሚገሰግስ ማን ይጠራጠራል? ሸጠች ለማለት ደግሞ ሻጭ፣ ገዢና የተቆረጠ ዋጋ ያስፈልጋል።

ነጋሪት፦
ቃሌን አላነሣም። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደጻፈው ካራታኩስ ንግሥቲቱን ተማጽኖ ነበር፤ እርሷ ግን አስራ ለድል አድራጊዎቹ ሰጠችው። ያው ጸሐፊ በተንኮል እንደተያዘና ከዚያ በኋላ ሀብትና ድሎት እንደመጣላት ይናገራል። የተማጸነን ሰው፣ ደመኛ እንኳ ቢሆን፣ ከደጃፍ አሳልፎ መስጠት ነውር መሆኑን አባቶቻችን አስተምረውናል። ሰው ተሰጥቶ ሀብት ከገባ፣ ያ መሸጥ ነው።

እናት ዓለም፦
ምስክርዎ ማን እንደሆነ ያስተውሉ። ታሲተስ ድርጊቱ ሲፈጸም ገና አልተወለደም፤ የብሪታኒያ ገዢ የነበረው የአግሪኮላ አማች ነው፤ ሴት ስትገዛ ማየትም አይወድም። ባሏን ቬኑቲየስን ፈትታ ጋሻ ጃግሬውን ቬሎካቱስን ማግባቷን የተረከበትን የንቀት ቃና ላስተዋለ፣ «ሀብትና ድሎት» የሚለው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ብዙ ሊቃውንት መቀመጫዋ ነበር በሚሉት በስታንዊክ ከሮም ግዛት የመጡ ውድ የሸክላና የመስታወት ዕቃዎች ተገኝተዋል፤ ይህ የረጅም ጊዜ ወዳጅነትና ንግድ ምልክት እንጂ የአንድ ሰው ራስ ዋጋ አይደለም።

ነጋሪት፦
እኅቴ፣ ካራታኩስ ወደ እርሷ መሸሹን ከታሲተስ ተቀብለው፣ ሀብቱን ሲናገር ግን ምስክርነቱን መጣል አይገባም። ስለ ባሏም እኔ አልጻፍሁም፤ ክርክሩ ስለ ጋብቻዋ አይደለም።

እናት ዓለም፦
ስለ ባሏ ካልተነጋገርን ስለ ንግሥቲቱ አልተነጋገርንም። በ69 መንግሥቷን የነጠቃት እርሱ ነው። ሕዝቡ የተነሣባት በካራታኩስ ምክንያት ቢሆን ኖሮ አሥራ ስምንት ዓመት ባልጠበቀ ነበር።

የታሪክ ተማሪ፦
እነዚያ ዓመታት ራሳቸው መልስ ናቸው። በ60 ወይም በ61 የሌላ የብሪታኒያ ነገድ የኢኬኒ ንግሥት ቡዲካ በሮም ላይ ተነሥታ የካሙሎዱኑምን፣ የሎንዲኒየምንና የቬሩላሚየምን ከተሞች አቃጠለች። በመጨረሻው ጦርነት ታሲተስ ወደ 80,000 የሚጠጉ ብሪታኒያውያን አለቁ ይላል። ቁጥሩ ቢጋነን እንኳ እልቂቱ እልቂት ነው፤ በዚያው ዘመን የብሪጋንቴስ እናቶች ልጆቻቸውን አልቀበሩም። ካራታኩስም ቢሆን በሮም ንጉሠ ነገሥት በቀላውዴዎስ ፊት ተናግሮ ምሕረት አግኝቷል።

ነጋሪት፦
ምሕረቱ የቀላውዴዎስ ነው፤ ለእርሷ ሊቆጠርላት አይችልም። አስራ ስትልከው በሮም አደባባይ እንዳይታረድ ማን ዋስ ሆኖላት ነበር? ስለ ቡዲካም ካነሡ ከባሏ ከፕራሱታጉስ ይጀምሩ። እርሱም እንደ ካርቲማንዱዋ የሮም ወዳጅ ነበር፤ ቤቱ ይድናል ብሎ ንጉሠ ነገሥቱን ኔሮንን ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ወራሽ አደረገው። ሲሞት ግን ሚስቱ ተገረፈች፣ ልጆቹ ተደፈሩ። ካርቲማንዱዋም በመጨረሻ ያተረፈችው ነፍሷን ብቻ ነው፤ የሮም ረዳት ጦር እርሷን አወጣት፣ መንግሥቱ ለቬኑቲየስ ቀረ፣ በ71 ደግሞ ሮማዊው ገዢ ፔቲሊየስ ኬሪያሊስ በብሪጋንቴስ ላይ ዘመተ።

የታሪክ ተማሪ፦
እንግዲያው «የተማጸናትን አሳልፋ ሰጠች» ብለው ይጻፉ፤ እኔም እስማማለሁ።

ነጋሪት፦
አልጽፍም። «አሳልፋ ሰጠች» ካልሁ ሀብቱን ከታሪኩ አወጣሁት ማለት ነው።

እናት ዓለም፦
«ሸጠች» ካሉ ደግሞ ፍርሃቷን አወጡት።